የሦስተኛው ሲሊንደር ነገር

ጋራዥ ውስጥ የሚወራው አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ። ቴስታም ያው ነው፤ በጣሊያንኛ «ራስ» ማለት ነው። የአባቴን ቮልስ ባለፈው ክረምት ራሷን አመማት።

ምልክቱ ቀስ እያለ ነው የመጣው። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ስንወጣ፣ ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የምትጨርሰውን ዳገት በሁለተኛ ማቃሰት ጀመረች። ቆማ ስትሠራ ደግሞ በየመሀሉ አንድ ምት ትዘላለች። ወንድሜ «በቃ ትሸጥ» አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እሱ የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ነው። አባዬ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ መሪ አይዝም። ስለዚህ ይቆጣል ብለን ፈርተን ነበር። አልተቆጣም።

«ሽጧት» አለ። «ግን የታመመ ነገር ለሰው አልሰጥም። መጀመሪያ ትሠራ።»

ሥራው ለእኔ ደረሰኝ።

ገርጂ ያለው መካኒካችን፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ኮምፕሬሽን ለካ። አንደኛ 92፣ ሁለተኛ 90፣ አራተኛ 88። ሦስተኛ 45። (ዘጠናውም ትንሽ ነው እንዳትሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው ያገኘውን ነው።)

«ሁልጊዜ ሦስተኛው ነው» አለ ጋሼ።

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ገረመኝ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። የዘይት ማቀዝቀዣዋ የተቀመጠው ደግሞ ንፋሱ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሌሎቹ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኙ እሱ የዘይቱን ትኩሳት ይቀበላል። ፋብሪካውም ያውቅ ስለነበር የሦስተኛው ካንዴላ ትንሽ ዘግየት ብሎ እንዲለኩስ አድርጎ ነበር፤ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከመንገድ ላይ አነሳው። የኛዋ የ1969 ናት። አባዬ ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አስተማሪ ሲገዛት ይህን የነገረው አልነበረም።

ሞተሩ የተያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለሆነ ከምሳ በፊት ወረደ። የግራው ቴስታ ሲከፈት የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ጠርዝ የተነከሰ ብስኩት መስሏል። ጋይዱም አልቋል፤ ቫልቩ ውስጡ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ይወዛወዛል።

ሶማሌ ተራ ሄዶ አዲስ ቴስታ መፈለግ ይቻል ነበር። ጋሼ ግን አሮጌውን መጀመሪያ መረመረ። በነጭ ጋዝ አረሰው፣ አጥቦ አደረቀው፣ ከዚያ ጠመኔ ቀባው። ስንጥቅ ቢኖር የገባው ጋዝ ጠመኔው ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ነጭ እንደሆነ ነበር። «ይኖራል ይሄ» አለ።

ቶርኖ ቤት አዲስ ጋይድ ገባለት፤ ሲቱም በ45 ዲግሪ ተስተካከለ። ቫልቩን ከሲቱ ጋር የማፋጨቱን ሥራ ጋሼ ለእኔ ሰጠኝ። ጠርዙ ላይ ፔስት ትቀቢና፣ ጫፉ ላይ መምጠጫ ያለውን ዱላ በሁለት መዳፍሽ መሀል ታሽከረክሪዋለሽ። እናቴ እንዝርት ስታሾር ያየሁት ምት ነው። ሻካራው ድምፅ እየለሰለሰ ሄዶ ዙሪያውን ግራጫ ቀለበት ይወጣል፤ ቀለበቱ ካልተቆራረጠ ተሳክቷል። ቫልቮቹ ከነሞላቸው ከታሰሩ በኋላ ጋሼ ጎድጓዳው ላይ ቤንዚን አፈሰሰ። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ጠብታ አልወጣም። ከዓመታት የቢሮ ሥራዬ ውስጥ እንደዚህ «አለቀ» ያልኩት ነገር ትዝ አይለኝም።

ስምንቱን ዳዶ በቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ ለስለስ አድርጎ፣ ቀጥሎ በ32 ኒውተን ሜትር አጠበቃቸው። እንደ ውኃዎቹ ሞተሮች በቴስታና በሲሊንደር መሀል ጋስኬት የለም፤ ብረት በብረት ነው የሚዘጋው። ችኮላ አይወድም።

ሦስተኛው 89 አነበበ።

ቤት ስደርስ አባዬ በር ላይ ቆሞ ነበር። «አታጥፊው» አለኝ። ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁን ሞተሩ አጠገብ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ምንም አላለም፤ ገብቶ ራዲዮ ከፈተ።

ገዢው ቅዳሜ ከሰሚት መጣ። ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። አባዬ ዋጋ ከማውራቱ በፊት ያቺን የተቃጠለች ቫልቭ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣና ስለ ዘይት ማቀዝቀዣው፣ ስለ ንፋሱ፣ በዳገት ላይ ስላለመቸኮል ነገረው። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከቶ ይሰማ ነበር። ቀጥሎ ወደ ኮተቤ ዳገት ሊሞክራት ቁልፉን ተቀበለ፤ አባዬም ሳይጠየቅ ከጎኑ ገብቶ ተቀመጠ።