የግሽ ረግረግ ዝገት

ከባሕር ዳር ማለዳ በሚኒባስ ተነሳን። እስከ እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአንድ ሰው 250 ብር ከፈልን። ወሩ ጥቅምት ነው፤ መርዓዊን አልፈን ወተት አባይ ድልድይ ስንደርስ ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ከድልድዩ ሥር ግልገል አባይ ያልፋል፣ ክረምቱ ቢወጣም የቀይ አፈሩን መልክ አልለቀቀም። ዳንግላ ላይ ትኩስ ሽሮ በላን፣ እንጅባራ መኪና ቀየርን፣ በቲሊሊ በኩል አቧራውን እየቃምን ወደ ሰከላ ወጣን። ግሽ አባይ ከተማ ስንገባ መሽቶ ነበር። ቦታው ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም በረደኝ።

በማግስቱ ምንም ሳንቀምስ ወደ ጠበሉ ወረድን፤ የበላ ሰው አይቀርብምና። ተጓዦቹ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 የደረሱበት የአባይ ምንጭ ይህ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል። እኔን ያቆመኝ ግን ከዚያ ወዲያ ራቅ ብሎ፣ መንገድ ሲቆረጥ ከተጋለጠ የአፈር ግድግዳ ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። ቀጠማው መሐል ብርቱካንማ ዝቃጭ ተኝቷል፤ በጣቴ ስነካው ለስላሳ ነው፣ ያሟልጫል፣ ሽታ የለውም። ላዩ ላይ የናፍጣ መልክ ያለው ስስ ሽፋን አለ። አንድ አዛውንት ቆመው አዩንና «ልጆቼ፣ ይኼ የመሬት ዝገት ነው፤ ከብትም አይጠጣው» አሉን።

አብሮኝ የመጣው የአፈር ሳይንስ ተማሪ ሽፋኑን በእንጨት ነካው። ተሰነጣጠቀ፤ ስብርባሪውም ተራርቆ ቀረ። «ናፍጣ ቢሆን መልሶ ይገጥም ነበር» አለኝ። ነገሩን ቀይ አፈሩ ላይ ተቀምጠን አስረዳኝ። የአፈሩ ቅላት ከብረት ነው። ረግረጉ ውስጥ የሚበሰብሰው ሣር ኦክስጅኑን ሲጨርሰው አንዳንድ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ በዚያ ብረት ይተነፍሳሉ፣ ብረቱም ቀለም አልባ ሆኖ በውሃው ይሟሟል። ውሃው ወጥቶ ጥቂት አየር ሲያገኝ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይረከቡታል፤ ብረቱን አዝገው ጉልበት ያገኙበታል፣ ዝገቱን ውጭ ይጥሉታል። አየሩ ከበዛ ብረቱ ያለ እነሱ በራሱ ፈጥኖ ይዝጋል፣ ፈጽሞ ከሌለም ሥራ የላቸውም፤ ስለዚህ ኑሯቸው አየር ሲጀምር ባለችው ጠባብ ድንበር ላይ ነው። አሥር እርምጃ ወዲያ የሚንጠባጠበው ሌላው ውሃ ግን ኩልል ያለ ነበር፣ ለምን እንደተለየ አልገባኝም። ወደ ከተማ ተመልሰን ቅቅል ድንች በአዋዜ በላን።

ባሕር ዳር ስንመለስ በብልቃጥ የያዝነውን ዝቃጭ በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ በደንብ የተፈተለ ፈትል ይመስላል፣ ተጠማዞ ተጠማዞ የሄደ። ጋሊዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ብረቱን የሚያስቀምጥበት ዘንግ ነው። ይህን ፍጥረት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የገለጸው ጀርመናዊው ኤረንበርግ በ1825 ምጽዋ ድረስ መጥቶ የነበረ፣ የጉዞ ጓደኛውን ሄምፕሪክንም እዚያው በሞት የተነጠቀ ሰው ነው። እዚህ ቅርብ አገር ደርሶ መመለሱን ሳነብ ደስ አለኝ። ጋሊዮኔላ ቀዝቃዛ፣ አሲድነት የሌለው፣ አየሩ ጥቂት የሆነ ውሃ ይወዳል፤ እዚያ የሚወጣው ዝገት መጀመሪያ ፌሪሃይድራይት ነው፣ ሲቆይ ጠንክሮ ወደ ጎታይት ይለወጣል። ውሃው አሲድና ሰልፌት ከበዛበት ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይሠለጥኑበታል፣ ማዕድኑም ቢጫው ጃሮሳይት ይሆናል። ዳሎል ላይ ሙቀቱ፣ ጨውና አሲዱ ሲደራረቡ ግን ሕይወት ራሱ አለ የለም የሚለው ሳይንቲስቶችን እ.ኤ.አ. በ2019 አከራክሯል።

ምንጭ ለምታጎለብቱ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያለ ዝገት ካያችሁ ውሃውን በቀጥታ ቧንቧ ውስጥ አታስገቡት፤ ባክቴሪያው እዚያ ተራብቶ ቧንቧውን ይደፍነዋል። አስቀድማችሁ በድንጋይ ላይ እየተንፏፏ አየር ያግኝ፣ ብረቱ ይዝቀጥ፣ ከዚያ በአሸዋ አጣሩት።