የላስቲክ ቤት ቲማቲምና የጎረቤት ማዕድ

ቲማቲም በጾመኛ ቤት ውስጥ ብዙ አገልግሎት ያለው ፍሬ ነው። ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል ከማዕድ በሚርቁበት ወራት የሽሮውን ወጥ የሚያጣፍጠው፣ የስልሱን መልክ የሚያቀላው፣ ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋራ ተከትፎ እንጀራውን የሚያርሰው እርሱ ነው። ነገር ግን ጾመ ፍልሰታ የሚውለው በነሐሴ፣ በክረምቱ ልብ ነውና፣ ቲማቲም በሚፈለግበት ሰዓት ከገበያ ይሳሳል፤ የተገኘውም ይወደዳል። ስለዚህ በቤት አጠገብ ትንሽ የላስቲክ ቤት ሠርቶ ቲማቲም ማልማት ለአንድ ቤተ ሰብ ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጠይቅ፣ በሥራ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ይህ ፍሬ የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ዘሩ የበቀለው በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች አካባቢ ሲሆን፣ ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው መቶ ዓመት እስፓኞች አሜሪካን ከያዙ በኋላ ነው። ማቲዮሊ የተባለው የኢጣልያ ሐኪም በ1544 እ.ኤ.አ. ስለ እርሱ ጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ብዙ ሰዎች ለረዥም ዘመን መርዝ ነው ብለው ፈርተውታል፤ ዘመዶቹ ከሆኑት ዕፀዋት መካከል በእውነት መርዛም የሆኑ አሉና። ድንች፣ በርበሬና ደበርጃን የዚሁ ቤተ ሰብ አባላት ናቸው። ፍሬው ንጹሕ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን በዓለም ሁሉ የሚበላ ሆነ። የቀድሞዎቹ ሰዎች በሌለበት መርዝ ፈሩ፤ የእኛ ዘመን ሰው ግን መርዙን በገዛ እጁ እንዳይጨምርበት ሊፈራ ይገባዋል። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

የምንኖርባት ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ቲማቲም ደግሞ አንዲት የውርጭ ሌሊት እንኳ አይችልም። ስለዚህ ወደ ገበያችን የሚመጣው ብዙው ቲማቲም እንደ መቂ ካሉት የስምጥ ሸለቆ ቆላዎች በመኪና ተጭኖ ረዥም መንገድ የሚጓዝ ነው። እኛም በጓሯችን ስድስት ሜትር ርዝመትና አራት ሜትር ወርድ ያለው ቤት ከባሕር ዛፍ እንጨት አቁመን፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ወጠርንበት። በሁለቱ ጎኖች መስኮት ትተን ተባይ እንዳይገባ ቀጭን መረብ ጋረድንበት። ቀን የፀሐዩ ብርሃን በላስቲኩ አልፎ አፈሩን ያሞቃል፤ የሞቀውም አየር ቶሎ አይበተንም። ሌሊት ሙቀቱ እንዳይጠፋ ውኃ የተሞሉ ጥቁር ጀሪካኖችን በግድግዳው ሥር አሰለፍን፤ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ይመልሳሉና።

የላስቲክ ቤት ትልቁ ጥቅም ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ዝናቡን ከቅጠሉ ላይ ማስቀረቱም ነው። በክረምት ቲማቲምን የሚያጠፋው ዋግ ቅጠሉ ለሰዓታት ርሶ ሲቆይና አየሩ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ በሽታ ነው። በ1845 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ የድንቹን ማሳ አጥፍቶ ታላቅ ረኃብ ያመጣው ይኸው ነበር። ስለዚህ ውኃ ለሥሩ እንጂ ለቅጠሉ አይሰጥም። ቤቱም ጧት ጧት ካልተከፈተ በላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ የሚጤዘው ውኃ ተንጠባጥቦ ከዝናቡ ያልተለየ ጉዳት ያመጣል።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ሲገባ ዘሩን በመደብ ላይ አፈላን። በሚያዝያ መጨረሻ 40 ችግኝ ቀድሞ በርበሬና ድንች ባልበቀለበት አፈር ላይ፣ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋራ ተከልን። ለላስቲክ ቤት ወደ ላይ እየተሳበ የሚያድገው ዓይነት ይመረጣል፤ ጠባቡን ስፍራ በቁመት ይጠቀምበታልና። እያንዳንዱን ግንድ ከጣሪያው በተንጠለጠለ ሲባጎ አስደግፈን፣ በቅጠልና በግንድ መካከል የሚወጣውን ቅርንጫፍ ገና ጣት ሳያህል በየሳምንቱ እንቀነጥብ ነበር። ውኃውንም በልክና በጊዜው ማጠጣት ያስፈልጋል። አንድ ሰሞን ደርቆ በሌላው ሰሞን ቢጥለቀለቅ፣ ፍሬው ከአፈሩ የሚፈልገውን ካልሲየም በአግባቡ ሊያገኝ አይችልም፤ ያን ጊዜ የፍሬው ታች ይጠቁርና ይበላሻል።

አበባው በታየ ጊዜ ሌላ ሥራ መጣ። የቲማቲም አበባ ወንዴውና ሴቴው በአንድነት ያሉበት ቢሆንም፣ ብናኙ የሚረግፈው ሲነቀነቅ ነው። በሜዳ ይህን የሚያደርገው ነፋስ ነው፤ በላስቲክ ቤት ውስጥ ግን በቂ ነፋስ የለም። በሆላንድና በቤልጅግ ያሉ አምራቾች እንኳ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አበባውን የምታንቀጠቅጥ ጠጉራም ትልቅ ንብ በመስተዋት ቤቶቻቸው ውስጥ እስኪያሠማሩ ድረስ፣ አበባውን በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ያነቃንቁ ነበር። እኛም በየቀኑ እኩለ ቀን ሲቃረብ ልጆቻችን ሲባጎዎቹን በጣታቸው መታ መታ እንዲያደርጉ አዘዝን። በዚህ መንገድ ፍሬው ያዘ። ሰኔ ሲያልቅ በ40ው ተክል ላይ የተንጠለጠለውን ዐይተን 120 ኪሎ ያህል እንደምንለቅም ገመትን። ባለቤታችንም ዋጋውን አስልታ የሦስቱን ልጆቻችንን የመስከረም የደንብ ልብስና ደብተር በዚሁ ላይ መደበች። የሠፈራችን እናቶችም ለፍልሰታ ቲማቲም ከእኛ ዘንድ እንዲሆንላቸው አስቀድመው ተናገሩ።

በሐምሌ መጀመሪያ የወረደው በረዶ የአንዱን መስኮት መረብ ቀደደው። መረቡ በማግሥቱ ቢጠገንም፣ ሐምሌ 21 ቀን በቅጠሎቹ ላይ ነጣ ያለ፣ የተቃጠለ የሚመስል ነጥብ ታየ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ስናነሣው በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ትንሽ ትል ትሄድበት ነበር። ይህች ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት ራት ልጅ ናት። ትውልዷ እንደ ቲማቲሙ ሁሉ ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በእስፓኝ ታየች፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአገራችን መኖሯ ታወቀ። ቅጠሉን ውስጥ ለውስጥ ትቆፍራለች፤ ፍሬውንም በእሸቱ ትበሳዋለች። ብዙ ዓይነት መድኃኒትም ለምዳዋለች።

የመጀመሪያውን ለቀማ ያሰብነው ለፍልሰታ ዋዜማ፣ ሐምሌ 30 ቀን ነበር። ከመደብር የተገዛው የፀረ ተባይ ጠርሙስ ግን ከተረጨ በኋላ ፍሬው 14 ቀን ሳይለቀም እንዲቆይ ያዛል። ቲማቲም በየቀኑ ይቀላልና 14 ቀን ቢቆይ የቀላው ሁሉ ወድቆ ይበሰብሳል። ባንረጭም ትሉ ይበላዋል። በሁለቱም መንገድ ጉዳቱ የታወቀ ነበር። ጉዳት የሌለበት የሚመስል ሦስተኛ መንገድ ግን ነበረ፤ እርሱም ረጭቶ በቀኑ መሸጥ ነው።

ይህንኑ መንገድ ሐምሌ 28 ቀን የመጣ አንድ የአትክልት ነጋዴ ሳያፍር መከረን። «የኔታ፣ ዛሬ ይርጩትና ከነገ ወዲያ መጥቼ ሁሉንም ልውሰደው። ገዢው እንደ ሆነ አጥቦ ነው የሚበላው» አለን። የሰጠውም ዋጋ ከጠበቅነው በላይ ነበር። ባለቤታችን ከበሩ ቆማ ስትሰማ ቆይታ፣ «ወንድሜ፣ ለልጆቻችን የማናቀርበውን ለሰው ልጆች እንዴት እናቀርባለን?» አለችው። እርሱም ሌላው ሁሉ እንዲህ እንደሚያደርግ ነግሮን ሄደ።

የነጋዴው ቃል በሁለት ነገር ጎደሎ ነው። አንደኛ፣ ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ በተክሉ አካል ውስጥ የሚሠርጹ በመሆናቸው በውኃ አይታጠቡም፤ የሚጠፉት በቀን ብዛት ነው። በላስቲክ ቤት ውስጥ ደግሞ በላይ ያለውን እንኳ የሚያጥብ ዝናም የለም። ሁለተኛ፣ ሌላው ማድረጉ በደሉን ያበዛዋል እንጂ አያቀለውም። ላስቲኩ ብርሃን ያስገባል እንጂ የሰው ዓይን አያስገባም፤ በውስጡ የተደረገውን ገዢው አያውቅም። እርሷ የምታውቀው ፍሬው ቀይ መሆኑንና ሻጩም ጎረቤቷ መሆኑን ብቻ ነው። ያንኑ ቲማቲም ቆርጣ ከቅዳሴ በኋላ ለሚያፈጥሩት ልጆቿና ለአረጋዊት እናቷ ታቀርበዋለች።

ስለዚህ ጠርሙሱን ሳንከፍተው አስቀመጥን። ትምህርት ቤት ዝግ ነበርና ልጆቻችን ጧትና ማታ የተጠቁትን ቅጠሎችና የተበሱትን ፍሬዎች ለቀሙ፤ እነርሱንም በላስቲክ ከረጢት አሥረን ትሉ በውስጡ እንዲሞት ፀሐይ ላይ አዋልን። ማታ በመብራት ሥር ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ በሳፋ አስቀመጥን፤ ወደ ብርሃኑ የሚበሩት የእሳት ራቶች እየወደቁበት አደሩ። ይህ ሥራ ትሉን አላጠፋውም፤ ገታው እንጂ። በጾሙ ፍጻሜ ለሽያጭ የበቃው ሁሉ ተመዝኖ 65 ኪሎ ሆነ። ለጎረቤቶቻችን የተነገረው ቃል ተፈጸመ፤ የመስከረሙ አሳብ ግን አልሞላም። ለሁለቱ ታናናሾች አዲስ የደንብ ልብስ ተገዛ፤ የታላቂቱ ቀሚስ ግን ጫፉ ተፈትቶ ዝቅ ተደረገና ያንኑ ለብሳ ሄደች። ደስ አላላትም። እኛም ደስ ሊልሽ ይገባል አላልናትም፤ ምክንያቱን ግን ገልጠን ነገርናት፤ ትሉን በጣቶቿ ስትለቅም ከርማለችና ነገሩ አልተሠወራትም።

ጾም ወደ አፍ የሚገባውን እንደሚመለከት ሁላችን ከልጅነት ተምረናል። ከእጃችን ወደ ሌላው አፍ የሚሄደውንም መመልከት እንዳለበት ግን በገበያ ቀን እንዘነጋዋለን። ቅቤ ላለመብላት የሚጠነቀቅ ሰው ለጎረቤቱ መርዝ ያለበትን ፍሬ ቢሸጥ፣ ማዕዱ ጾመ እንጂ እጁ አልጾመም። አባታችን አዳም ገነትን በተቀበለ ጊዜ የተሰጠው ትእዛዝ ማልማት ብቻ አልነበረም፤ መጠበቅም ነበረበት። የሚጠበቀውም ተክሉ ብቻ ሳይሆን ከተክሉ የሚበላው ሰው ነው ብለን እናምናለን።

ይህን አንብባችሁ የላስቲክ ቤት ለመሥራት የምታስቡ ወገኖቻችን፣ በጥቂቱ ጀምሩ፤ ለአንድ ቤት ማዕድ አሥር ተክል ይበቃል። መረቡን ከላስቲኩ አስቀድማችሁ ግዙ፤ በየሳምንቱም ቀዳዳ ፈልጉበት። ቲማቲም በነበረበት አፈር በሚከተለው ዓመት ጎመን ወይም ሽንኩርት ትከሉበት እንጂ በርበሬና ድንች አትከታትሉበት። መድኃኒት መርጨት የግድ የሚሆንበት ጊዜም ይመጣል፤ ያን ጊዜ የረጫችሁበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ በበሩ ላይ ለጥፉ፤ የታዘዘው ቀን ሳይሞላ ማንም እንዳይለቅም ለልጆች ንገሩ። ለጎረቤት ስትሸጡም ሆነ ስትሰጡ፣ ከኪሎው ጋራ ያንን ቀን አብራችሁ ንገሯት።