ዐረቄ አንዱን ለቆ አንዱን ለምን ይይዛል?

ከወንድሜ ጋር የመጀመሪያዋን መለኪያ ዐረቄ የቀመስነው በአንድ ቀን፣ ጊምቢቹ ገበያ ውስጥ ነው። እኔ ተውሁት፤ እርሱን ግን ይዞ አስቀረው። ብዙ ዘመን «ልበ ደካማ ነው» እያልሁ ስፈርድበት ኖርሁ።

ሊቃውንት መንትዮችን መርምረው እንደ ደረሱበት፣ ለመጠጥ ሱስ ከሚያጋልጠው ነገር ግማሽ ያህሉ በዘር የሚወረስ ነው፤ የቀረው ከኑሮ ይመጣል። በ1971 እ.ኤ.አ. ከቬትናም የተመለሱት ሄሮይን የለመዱ የአሜሪካ ወታደሮች፣ አብዛኞቹ አገራቸው ሲገቡ ሱሱን ጥለዋል። ሥፍራና ባልንጀራ ሰውን ያስራሉ፤ ይፈታሉም።

እኔ በዚያው ዓመት ለትምህርት ሆሣዕና ሄድሁ፤ እርሱ ከዐረቄ ቤቱ ደጃፍ ቀረ። አንባቢ ሆይ፣ ያዳነኝ ብርታቴ ነውን ወይስ መንገዴ? ዘንድሮ ስመለስ ተግሣጼን ትቼ «ና፣ ከእኔ ጋር ሰንብት» አልሁት።