ጊቭ አፕ

ዛሬ የማጫውታችሁ አምና ክፍል ውስጥ ስላሳቀብኝ ዓረፍተ ነገር ነው። የሳቃችሁብኝም እዚሁ ስላላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ስለ ቤተሰባችን ሥራ አምስት ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍ አዘዙን። ቤታችን እዚሁ ቦሳ አዲስ ቢሆንም ቡናችን ያለው ማና ነው። አባቴ ቡና ሲጫን ጆንያውን ተሸክሞ አይሱዙው ላይ ለቆመው ረዳት ያቀብላል። እኔም አሰብኩ፤ ጊቭ መስጠት ነው፣ አፕ ወደ ላይ ነው። በቃ! "ማይ ፋዘር ጊቭስ አፕ ኮፊ" ብዬ ጻፍኩ። ይባስ ብዬ እጄን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

መምህራችን "እንዴ! አባትሽ ቡናን እርግፍ አድርጎ ተወ?" አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጻፉልን። ጊቭ ባክ መመለስ፣ ጊቭ አውት ማደል፣ ጊቭ ኢን መሸነፍ፣ ጊቭ አፕ መተው ወይም ተስፋ መቁረጥ። ከኋላ አንድ ልጅ "ቲቸር፣ አንዷን ጊቭ ለምን እንዲህ ያገላብጧታል?" ሲል ጠየቀ። እሳቸውም "በአማርኛስ ወታደሩ እጅ ሰጠ ሲባል እጁን ቆርጦ ሰጠ ማለት ነው? ጆሮ ስጠኝ ስልህ ጆሮህን ነቅለህ ታመጣለህ? ልጁን ፊት ሰጠችው ሲባልስ?" አሉት። ያኔ እኔም ትንሽ ሳቅኩ።

ማታ ቡና ተፈልቶ አቦል ሲቀዳ ወሬውን ለቤተሰቡ አወራሁ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም። አባቴ ሲኒውን እያየ ዝም አለ። አኮ፣ አያቴ ማለት ነው፣ እሱን ትክ ብላ አየችውና በኦሮምኛ "ሀርካ ኬኒቴ?" አለችው። እጅ ሰጠህ ወይ ማለቷ ነው። በኦሮምኛም እጅ ይሰጣል ለካ!

ለካ አባቴ ቡናውን ነቅሎ ጫት ሊተክል እያሰበ ኖሯል። ቡና የሚለቀመው በዓመት አንዴ ነው፤ ጫት ግን ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም ቶሎ ይመጣል። የኔና የወንድሞቼ ደብተርና ዩኒፎርም ደግሞ የቡና ለቀማ እስኪደርስ አይጠብቅም። አኮ ግን ያንን ቡና ከባሏ ጋር በእጇ የተከለችው ናት። እኔ ሳላውቅ የሁለቱን ጭቅጭቅ እንግሊዝኛ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ያን ሌሊት ብዙ አወሩ። እኔ ተኝቼ ስለነበር ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ኅዳር ላይ ማና ሄደን እንደ ወትሮው ለቀምን። በመንገዱ በኩል ያለው ጥቂት ቡና ግን ተነቅሎ ጫት ገብቶበታል። አኮ በዚያ በኩል አታልፍም፤ ዞራ ነው የምትሄደው።

ደብተሬን ሳርም መምህራችን አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ኢት የሚለው ቃል ሲመጣ ጊቭና አፕን ለያይቶ መሃላቸው ይገባል፤ ጊቭ አፕ ኢት አይባልም። እኔም እንዲህ ብዬ አስተካከልኩት፦ "ማይ ፋዘር ሃዝ ኖት ጊቨን ኢት አፕ።" ራይት አገኘሁ። ጫቱን ግን አልጻፍኩትም፤ የተጠየቅነው አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።