በሩን የከፈትኩት ለጭሱ ነበር

የመንዝን ብርድ ያልቀመሰ ሰው ስለ ብርድ ባያወራ ይሻላል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ነፋሷ ባናውን አልፎ አጥንት ይነካል። እናላችሁ የአክስቴ ልጅ ወልዳ ልጠይቃት ስሄድ ቤቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል፤ ጥግ ላይ ማንደጃው ከነከሰሉ ፍም ሆኗል። ሕፃኑ ገና አንድ ቀን አልሞላውም።

እኔ ደግሞ ከሰል አንድደው፣ በር ዘግተው ተኝተው በዚያው ስለቀሩ ሰዎች እየሰማሁ ነው ያደግኩት። በሩን በረገድኩት።

«አንተ! አራሷን በምች ልታስመታት ነው?» አለች አክስቴ።

«እትዬ፣ የከሰሉ መርዝ ከምች ይብሳል።»

ማንደጃው ወጣ፣ ብርሃን ገባ። ያኔ ነው ሕፃኑን በደንብ ያየነው። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል።

«የወፍ በሽታ ነው፣ ይለቀዋል» አለች አክስቴ። እውነቷን ነው፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ከጨቅላ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይላቸዋል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚመጣ ቢጫነት ግን ጊዜ አይሰጥም። ሆስፒታል ወሰድነው። የእናቱ ደም ኦ፣ የእሱ ኤ ሆኖ ተገኘ፤ ከእናቱ ወደ እሱ ያለፈው የደም መከላከያ ቀይ የደም ሴሎቹን ይሰባብር ነበር። ሰማያዊ መብራት ሥር ተኝቶ ዳነ።

ወሬው ግን እዚህ አያበቃም። በኋላ ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ያ የከሰል መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በትንሽ በትንሹ በእያንዳንዳችን ገላ ውስጥ ይሠራል! ስዊድናዊው ቶርግኒ ሾስትራንድ ይህን እ.ኤ.አ. በ1949 ጽፎታል። ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ ውስጡ ያለው ሄም ይበጠሳል፤ ከአንድ ሄም አንድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፣ ቀሪው ደግሞ ቢጫውን ቢሊሩቢን ይሆናል። ጋዙ በትንፋሽ ይወጣል፤ ቢጫውን ግን የጨቅላው ጉበት ገና ስላልጠነከረ ቶሎ አያስወግደውም። ስለዚህ የሕፃኑን ትንፋሽ በመለካት ደሙ በምን ፍጥነት እየፈረሰ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። የማንደጃው ጋዝ ገዳይ ነው፤ የገላችን ጋዝ ግን ምስክር ነው። ልጁን ቢጫ ያደረገው ጭሱ እንዳልሆነም ልብ በሉልኝ።

ቢሊሩቢን ከልክ ካለፈ አንጎል ውስጥ ይገባል፤ ጆሮ ያደነቁራል፣ አካል ያሰናክላል፣ ይገድላል። የትንፋሽ መለኪያው በየቤቱ የለም። የቀን ብርሃን ግን አለ። መስኮት ከፍቶ የዓይኑን ነጭ፣ መዳፉን፣ የእግሩን ውስጥ ማየት ነው፤ ቆዳችን ጠቆር ስለሚል ፊት ብቻ ማየት ያታልላል። ቢጫው በመጀመሪያው ቀን ከመጣ፣ መዳፍና እግር ከደረሰ፣ ወይም ልጁ ጡት እንቢ ብሎ ከፈዘዘ፣ ፀሐይ እያሞቁ መጠበቅ አይሆንም። ሐኪም ቤት ነው።

አክስቴ ዛሬ አራስ ስትጠይቅ መጀመሪያ መስኮት ታስከፍታለች። ዳማከሴዋን ግን አሁንም ከእጇ አለየችም።