የምድጃ ዳር ፈተና

በወረቀት የሚሰጥ ፈተና መሸሸጊያ አያጣም። ከአራቱ ምርጫ አንዱን በግምት ማክበብ ይቻላል፤ ዓይን ወደ ጎረቤት ወረቀት ሊሄድ ይችላል፤ ለክፉ ቀን የተሸመደደ ዐረፍተ ነገርም አለ። የምግብ ዝግጅት የተግባር ፈተና ግን እንዲህ ያለ ጥግ የለውም። ሽንኩርቱ መክተፊያው ላይ ነው፤ ቢላዋው በእጅ ነው፤ ሰዓቱ ይሄዳል፤ መዛኙ ቅጹን ይዞ ከጎን ቆሟል። ወጡ ካረረ አርሯል። ጨው ከበዛበትም በዝቶበታል፤ ማብራሪያ አይቀንሰውም። ከፈተናዎች ሁሉ ይህንን አብልጬ የማከብረው ስለዚህ ነው። የሚጠይቀው እጅ የሚያውቀውን ነው።

ስለዚህ ፈተና ሳስብ የሚታየኝ የአዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል አይደለም፤ ምዕራብ ጎጃም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይገባል፤ ቀጥሎ ቡሬ ነው። ቡሬ ላይ ሌላ መንገድ ይገነጠልና አባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ያመራል። እንዲህ ባሉ የመንገድ ከተሞች ጎህ ሳይቀድ የምትነሳው ምግብ አብሳይዋ ናት። አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት ቁሌቱ መብሰል፣ እንጀራው መሶብ መግባት አለበት። ሹፌሩ የሚቸኩል፣ መንገደኛው የራበው፣ ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቤት የሚበላና ትንሿን ጉድለት የሚያውቅ ነው። ይህቺ ሴት በየቀኑ ትፈተናለች። ውጤቷንም በየቀኑ ታየዋለች፤ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል ወይም አይመለስም።

የብዙዎቹ አብሳዮች ትምህርት ቤት የእናታቸው ጓዳ ነው። ያ ጓዳ ምን እንደሚያስተምር ለመረዳት በርበሬውን ብቻ ማየት ይበቃል። ቡሬ፣ ወምበርማና ጃቢ ጠህናን በበርበሬ ምርታቸው የታወቁ ወረዳዎች ናቸው፤ ከነዚህ አገሮች ገበሬ ቤት የተወለደች ልጅ በርበሬን የምታውቀው ከፌስታል ውስጥ አይደለም። ዛላው ከማሳ መጥቶ ሲሰጣ ታያለች። ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥበት የቀረው ዛላ እንደሚሻግት፣ የሻገተው ደግሞ ጤና እንደሚጎዳ፣ ስለዚህም አንድ በአንድ መለየት እንዳለበት በልጅነቷ ትማራለች። ይቀነጠሳል። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል። እንደገና ፀሐይ ይመታዋል። ኮረሪማው፣ ነጩና ጥቁሩ አዝሙድ፣ ጨው እየተመጠነ ይገባበትና ይፈጫል። ምጥኑ የትም አልተጻፈም፤ የሚታወቀው በአፍንጫ ነው። እናት ከእፍኟ ታሸታለች፣ ልጅቷም እንድታሸት ታቀርብላታለች፣ «ኮረሪማ ጎደለው» ትላለች፤ ልጅቷ ቀስ በቀስ ከእናቷ ቀድማ ጉድለቱን ማወቅ ትጀምራለች። ይህ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ሥልጠና ነው።

የተግባር ምዘናም በጎጃም ቤት አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሷ ሙሽራ በአማቷ ፊት ዶሮ ስትገነጥል ቤቱ ሁሉ ዝም ብሎ የሚያየው እጇን ነበር። ዐሥራ ሁለቱ ብልት ሳይሰበርና ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት፤ መላላጫው፣ ፈረሰኛው፣ መቋደሻው፣ ክንፉና አንገቱ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው። ሥጋው በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ ይቁላላል፤ ቅቤው ጊዜውን ጠብቆ ይገባል። ብልት የጠፋበት ወጥ ለእንግዳ ቀርቦ ቢገኝ ነገሩ ለዓመታት ይወራ ነበር። እዚህ ላይ ያ አሮጌ ፈተና የነበረበትን ክፋት መናገር ተገቢ ነው። ፈራጇ አንዲት አማት ነበረች፤ ቂም ካላት ወጡም ይከፋባታል። ፈተናው የወደቀችውን ልጅ እስኪያሳፍራት ድረስ ይቀጣት ነበር እንጂ ሁለተኛ ዕድል አይሰጣትም ነበር። ሙያዋ ያማረላትም ብትሆን ያገኘችው ምስጋና ከግቢው አጥር አይወጣም፤ ደመወዝ አይሆናትም።

አዲሱ ምዘና ይህንን ክፋት ለማስቀረት የታሰበ ነው። አገሪቱ በ2000 ዓ.ም. ባወጣችው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ኮርስ ጨርሶ መውጣት ብቻውን ባለሙያ እንደማያሰኝ ተወሰነ። ለየሙያው ደረጃ ተጻፈለት፤ ሠልጣኙም ከዚያ ደረጃ አንጻር ይመዘናል። ሰዉ ሲኦሲ የሚለው ይህ ነው። የጽሑፍ ክፍል አለው፣ የተግባር ክፍል አለው። መዛኙ ያሠለጠነው መምህር ሳይሆን ሙያውን በሥራ ላይ የሚያውቅ ሌላ ሰው እንዲሆን ይፈለጋል። ውጤቱ አንደኛ ሁለተኛ ተብሎ አይደረደርም፤ ብቁ ነው ወይም ገና ብቁ አልሆነም ይባላል፣ ያልሆነለትም ተመልሶ መመዘን ይችላል። አማትየዋ የማትሰጠው ዕድል ይኸው ነው።

መዛኙ ሲመለከት ምላሱ ከመቅመሱ በፊት ዓይኑ ብዙ ነገር ይመዝናል። የተፈታኟ ጸጉር ተሸፍኗል ወይ? ጥፍሯ አጥሯል? ጥሬ ሥጋ የነካው መክተፊያ ላይ ሰላጣ ከተፈችበት? እናቶቻችን ወጥ የሚቀምሱት በማማሰያ ጠብታ መዳፍ ላይ ጣል አድርገው ነው፤ እዚህ ግን ለመቅመሻ የተለየ ማንኪያ ይያዛል፣ አንዴ አፍ የነካ ማንኪያ ወደ ድስት አይመለስም። ይህንን እንደ ባዕድ ልማድ የሚያዩት አሉ። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ስድስት ሰው ላለው ቤተሰብ የሚበስልና በቀን ለመቶ መንገደኛ የሚበስል ድስት አንድ አይደሉም፤ መቶ ሰው የሚበላበት ድስት ላይ ትንሽ ቸልታ መቶ ሰው ታሳምማለች።

የማሠልጠኛዎቹ የወጥ ቤት ቋንቋ ግን አብዛኛው ከፈረንሳይ የመጣ ነው። ኦጉስት ኤስኮፊዬ የተባለው ፈረንሳዊ ምግብ አብሳይ በ1903 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የሆቴል ማብሰልን ሥርዓት አስይዞታል። በአዲስ አበባም በ1960ዎቹ ዓ.ም. መባቻ የሆቴልና ቱሪዝም ሥራ ማሠልጠኛው ከተከፈተ ወዲህ ጁሊያን (ቀጭን አከታተፍ) እና ቤሻሜል (የወተት ስጎ) የእኛም ሠልጣኞች ቃላት ሆነዋል። ፈረንሳዮች ዶሮ ሲገነጥሉ ስምንት ቦታ ይበቃቸዋል። ስምንቱን ስታጠና የከረመች የጃቢ ጠህናን ልጅ ዐሥራ ሁለቱን ከቤቷ ይዛ መምጣቷን መምህሯ ካላወቀላት ትልቅ ነገር ይባክናል። እንዲህ ያለ እጅ በምድር ላይ በየትኛውም ወጥ ቤት የሚፈለግ እጅ ነው።

መጽሐፉና አገሩ የማይገጥሙበት ሌላም ቦታ አለ። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላል። ያ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ እዚያ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፍ ወዳለችው ቡሬ ሲኬድ ደግሞ ትንሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ የማብሰያ ደቂቃ እዚህ አገር ባቄላና ሽምብራ ላይ አይሠራም፤ ድስቱ ቢንተከተክም ውስጡ ያልበሰለ ይሆናል። ይህንን የቡሬ እናት በዲግሪ አልለካችውም፤ ግን ባቄላውን ከማታ ትነክረዋለች፣ እሳቱንም ጠዋት ቀድማ ትለኩሳለች። መዛኙ ቁጥሩን የያዘ፣ እሷ ደግሞ ልማዱን የያዘች ናት። ሁለቱ ቢነጋገሩ ለሥልጠናው ትልቅ ትርፍ ይሆን ነበር።

የሰዓቱ ጉዳይ ከሁሉ ይከብደኛል። የተግባር ምዘና በሰዓታት የሚያልቅ ነው። እንጀራ ግን ቀናት ይፈልጋል። ጤፉ ወይም ዳጉሳው ተቦክቶ፣ እርሾው ተጨምሮ፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ላዩ ላይ የሚጠልለው ውኃ ይቀዳል፤ አብሲት ተጥሎ እንደገና ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። በብርድ ቀን ይዘገያል፣ በሙቀት ይፈጥናል፣ ይህንን የምታውቀው ሌሊት ተነስታ ቡኮውን የምታየው ሴት ናት። ምጣድ ላይ የሚታየው ዓይን የመጨረሻዋ ደቂቃ ነው፤ ዓይኑ ያማረው ከሁለት ቀን በፊት በተሠራው ሥራ ነው። ዝግጁ ሊጥ ቀርቦላት የምትጋግር ተፈታኝ ብቁ ልትባል ትችላለች። ሊጡን ያዘጋጀችው ሴት ግን የዚያን ቀን በወረቀቱ ላይ ስሟ የለም።

ስሟ ሊኖር ይችል ነበር። ይህ ጽሑፍ የተነሳበት ዋናው ነገር እርሱ ነው። ያ የ2000 ዓ.ም. ስትራቴጂ ሙያውን በመደበኛ ሥልጠና የተማረውን ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይና በቤት ውስጥ በልምድ ያገኘውንም ሰው እንዲመዘን በር ከፍቷል። የት ተማርሽ ተብሎ ሳይሆን ምን ትችያለሽ ተብሎ ትጠየቃለች ማለት ነው። ፈረንሳይም ተመሳሳይ በር አላት። የምግብ ማብሰል የመጀመሪያ ሙያ ሰርተፍኬቷን ለማግኘት ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው በግል ተመዝግቦ ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ፈተና መቀመጥ ይችላል። እዚያ ብዙ ሰው፣ በተለይ ከሌላ ሥራ ወደ ማብሰል የሚዞር ጎልማሳ፣ በዚህ በር ይገባል። እኛ ዘንድ በሩ ተከፍቶ ሳለ የመንገድ ዳር ምግብ አብሳይዋ ስለመኖሩ የነገራት የለም።

ወረቀቱ ለእርሷ ጌጥ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አማራ ክልልን ያመሰው ግጭት መንገዱን ደጋግሞ ዘግቶታል፤ መንገድ ሲዘጋ የመንገደኛ ምግብ ቤት ይዘጋል፣ አብሳይዋም ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለ ሆቴል ደጃፍ ስትቆም ሃያ ዓመት ያበሰለችበት እጅ አይታይም፤ የሚጠየቀው ሰርተፍኬት ነው። ስለዚህ ድስት አጣቢ ሆና ትጀምራለች። ከአገር ለመውጣት ከወሰነችም እንዲሁ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ያዛል። እጇ ያላትን ነገር አስመስክራ የምትሄድ ሴት ስለ ደመወዟ አፍ አውጥታ መናገር ይቀላታል ብዬ አምናለሁ።

ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላቸው። ከኮሌጁ በር እስከ አውቶቡስ ተራው ምግብ ቤቶች ያለው መንገድ በእግር የሚደረስ ነው። መምህራኑና የምዘና ባለሙያዎቹ ወደዚያ ወጥ ቤት እንዲገቡ፣ ለሴቶቹ ምዘናው ምን እንደሚጠይቅ በሚገባቸው አማርኛ እንዲነግሯቸው፣ የጎደላቸውን ንጽሕና አጠባበቅና የጽሑፍ ክፍሉን በጥቂት ሳምንት እንዲያስተምሯቸው፣ ከዚያም እንዲመዝኗቸው እጠይቃለሁ። ፊደል ላልቆጠረች ጥያቄው በቃል ይቅረብላት። ከፈተናው ምግቦች አንዱ ዐሥራ ሁለት ብልቱ የወጣ ዶሮ ይሁን፤ እንጀራም ሲመዘን ተፈታኟ ሊጡን ከሦስት ቀን በፊት መጥታ ታብካው። የምግብ ቤት ባለቤቶችም ሠራተኛችሁ ለምዘና የምትሄድበትን ቀን ከደመወዟ አትቁረጡባት፤ የመመዘኛውንም ክፍያ ሸፍኑላት።