ቤተሰብ ለዕረፍት ሲነሣ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ነገር

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቍጥር በአሜሪካ አገር የምንኖር ወላጆች ሁሉ ከልጆቻችን አፍ አንድ ጥያቄ እንሰማለን፤ ይኸውም «ዘንድሮስ የት እንሄዳለን?» የሚል ነው። እኛም በዋሽንግተን አቅራቢያ ስንኖር ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ «ለከርሞ እናያለን» እያልን ካሳለፍነው በኋላ፣ ልጆቻችንን ይዘን በፍሎሪዳ ወደሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ወደሚባለው ታላቅ የመዝናኛ ስፍራ ሁለት ጊዜ ሄደናል። የመጀመሪያው ጉዞ በ2023፣ ሁለተኛው በ2025 ነበር፤ ዘመኑን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር እንጽፋለን። ሁለቱም ጉዞዎች ወደ አንድ ቦታ የተደረጉ ሲሆኑ፣ ከፊተኛው ያተረፍነው ድካምና ጸጸት፣ ከኋለኛው ያተረፍነው ግን ደስታና ፍቅር ነበር። ልዩነቱም ከቦታው ሳይሆን ከእኛ አሳብ የመጣ ስለ ሆነ፣ ለሌሎች ቤተሰቦች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ያየነውን ለመጻፍ ወደድን።

ስለ ቦታው ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት እንናገር። በተንቀሳቃሽ ሥዕል ፊልሞቹ የታወቀው ዋልት ዲዝኒ በ1955 በካሊፎርኒያ፣ አናሃይም በተባለ ከተማ ዲዝኒላንድን ከፈተ። እርሱ ራሱ እንደ ተናገረው፣ አሳቡ የመጣለት በሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ ሴቶች ልጆቹ በሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ሲጫወቱ፣ እርሱ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየበላ ሲጠብቃቸው ነው። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ ለምን አይኖርም ሲል አሰበ። በፍሎሪዳ የታቀደውን ሥራ ግን ፍጻሜውን ሳያይ በ1966 ዐረፈ፤ ወንድሙ ሮይ ዲዝኒ አስፈጽሞት በ1971 ተከፈተ። ዛሬ በዚያ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም የሚባሉ አራት ግቢዎች አሉ፤ የመሬቱም ስፋት ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እንዲህ ያለውን አገር የሚያህል ቦታ ያለ ምክር ገብቶ በደኅና መውጣት እንደማይቻል ያወቅነው ከደረሰብን በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ጉዟችን ያሰብነው ስለ ገንዘቡ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዛችን እየቀነስን አጠራቀምን፤ ከሥራ ፈቃድ ያገኘንበት ሳምንት የትኛው ጊዜ ላይ እንደሚውል ሳንመረምር ማደሪያውን ተከራየን። ነገሩ ጾመ ፍልሰታ ላይ ወደቀ። በዚያ ዓመት የልጆቻችን አያት፣ ማለት እናታችን፣ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታ ነበርና እርሷንም ይዘን ተነሣን። ከዋሽንግተን እስከ ኦርላንዶ ያለው መንገድ 1,370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን ሁሉ አንድ ሌሊት ሳናርፍ ነዳነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ትጥቃችን መላላት የጀመረው ገና ከበሩ ነው።

ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው ወንዱ ልጃችን ስፔስ ማውንቴን የሚባለውን፣ በጨለማ ውስጥ በሐዲድ ላይ የሚከንፈውን መጫወቻ ሲያልም ከርሞ ነበር። ከበሩ ላይ የቁመት መለኪያ አለ፤ 112 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ አይገባም። የእርሱ ቁመት 108 ሆነ። ልጁ ምርር ብሎ አለቀሰ። እኛም ልናጽናናው ሲገባን፣ እንቅልፍ አጥተን ነበርና «ስንት ገንዘብ የወጣበትን ቀን በለቅሶ ታበላሻለህን?» ብለን ተቈጣነው። ከዚያ ወዲያ የከፈልነው ከንቱ እንዳይቀር በማለት ከአንዱ ሰልፍ ወደ ሌላው እንሮጥ ጀመር።

እናታችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ናት፤ ውኃም አትቀምስም። የፍሎሪዳ የነሐሴ ፀሐይ ደግሞ ከወበቁ ጋር የሚያዝል ነው። እርሷ ግን ሸክም እንዳትሆንብን ብላ «እኔ ከዚህ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፤ እናንተ ልጆቹን አጫውቱ» አለችን። እኛም ደስ እያለን ተውናት። ሰልፉ ረዝሞ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስንመለስ፣ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ራሷን በእጇ ደግፋ፣ ከንፈሯ ደርቆ አገኘናት። ስንጠራት ቶሎ አልመለሰችም። በዚያ ጊዜ የተሰማንን ድንጋጤ አሁንም ስናስታውሰው እጃችን ይቀዘቅዛል። የስፍራው ሠራተኞች ፈጥነው በተሽከርካሪ ወንበር ወደ መጀመሪያ እርዳታ ክፍል ወሰዷት፤ በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ተኝታ ሰዓቷም ደርሶ ውኃ ስትጠጣ፣ ነፍሷ መለስ አለ።

ማታ ከማደሪያችን ስንደርስ ይቅርታ ለመንናት። እርሷም «ልጆቼ፣ አትዘኑ፤ ቦታውስ ያማረ ነው። እኔ ግን የመጣሁት እናንተን ለማየት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ያየሁት ጀርባችሁን ነው» አለችን። ይህን ቃል ከሰማን በኋላ እንቅልፍ አልወሰደንም። ያ ሰው ቦታውን ያሰበው ወላጅ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን እንዳይቀር ነበር፤ እኛ ግን ገንዘብ ከፍለን፣ ሩቅ አገር ነድተን፣ እናታችንን በዚያው ወንበር ላይ ትተናት ሄድን።

በ2025 እናታችን ዳግመኛ ስትመጣ፣ ልጆቹ «ከእማማ ጋር እንደገና እንሂድ» ብለው ለመኑን። በዚህ ጊዜ ግን ከሦስት ወር በፊት ሁላችንም በማዕድ ዙሪያ ተቀምጠን መከርን። የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ምን እንይ?» የሚል ሳይሆን «ከመካከላችን አስቀድሞ የሚደክመው ማን ነው?» የሚል ሆነ። የጉዞው ልክ የብርቱው ጉልበት ሳይሆን የደካማው እግር መሆን አለበት ብለን ቈረጥን። ከዚያ በኋላ የቀረው ሁሉ ቀለለ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበትን ወራት ከጾማችን ጋር አስተያየን። የታኅሣሡ ዕረፍታቸው በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል፤ የመጋቢትና የሚያዝያው ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገናኛል፤ በሰኔ ጾመ ሐዋርያት አለ፤ በነሐሴም ፍልሰታ። በመካከል ግን ከሐምሌ 5 እስከ ሐምሌ 30፣ ማለት ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6፣ አራት ሳምንት ለመሙላት ጥቂት የቀረው ክፍት ጊዜ አለ። ጉዟችንን በዚያ ውስጥ አደረግን። ረቡዕንና ዓርብን ወደ ግቢዎቹ የማንሄድባቸው የዕረፍት ቀኖች አደረግናቸው፤ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራይተን ነበርና በእነዚያ ቀኖች ከዋሽንግተን ይዘን በመጣነው እንጀራ ሽሮ በላን። በጾም ጊዜ መጓዝ ግድ የሚሆንበት ቤተሰብ ቢኖር ግን፣ ስለ ሽማግሌዎቹና ስለ ሕሙማኑ የነፍስ አባቱን አስቀድሞ ያማክር።

ስለ ገንዘቡም ልንነግራችሁ የሚገባ አለ። የመግቢያው ዋጋ እንደ ቀኑ ይለያያልና የወሩን ዋጋ ሁሉ ተመልክቶ መምረጥ ይጠቅማል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያለ ክፍያ ይገባል፤ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያለው በልጅ ዋጋ፣ ዐሥር ዓመት የሞላው በአዋቂ ዋጋ ይከፍላል። ሰልፍ የሚያሳጥረው ልዩ መግቢያ በ1999 ሲጀመር ያለ ክፍያ ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ግን በገንዘብ ሆኗል፤ ማለዳ ተነሥቶ በሩ ሳይከፈት ለሚደርስ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ያለ እርሱ ይሆናል። ምግብም ከቤት ይዞ መግባት የተፈቀደ ነው፤ የሚከለከለው የብርጭቆና የጠርሙስ ዕቃ ነው። እኛ ዳቦ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦና በሶ ይዘን ገባን፤ ቀዝቃዛ ውኃም ለስላሳ መጠጥ ከሚቀዱ ምግብ ቤቶች ያለ ዋጋ ይሰጣል።

ልጆቹን ሁሉ ከቤት ሳንወጣ በግድግዳ ላይ ለካናቸው፤ የትኛው መጫወቻ ለማን እንደሚፈቀድ ጻፍንላቸው። ልጅ እንቢታን በቤቱ ቢሰማ ይታገሣል፤ በሩ ላይ ሲሰማው ግን ልቡ ይሰበራል። ትንሽ ልጅ ላላቸው ወላጆች ደግሞ መልካም ሥርዓት አለ፤ አንዱ ከሕፃኑ ጋር ሲቆይ ሌላው ገብቶ ይወጣል፣ ከዚያ የቀረው ሰልፉን እንደገና ከመጀመሪያው ሳይጠብቅ ይገባል። ይህንንም በበሩ ላይ ያለውን ሠራተኛ መጠየቅ ይበቃል። የስልካችንን ቍጥር በልጆቹ ክንድ ላይ ጻፍን፤ ብንጠፋፋ የምንገናኝበትንም ቦታ ማለዳ አሳየናቸው። በበጋው ወራት ከቀትር በኋላ መብረቅና ነጐድጓድ የተለመደ ስለ ሆነ፣ በስድስት ሰዓት ወደ ማደሪያ ተመልሰን እንተኛ ነበር፤ አመሻሹ ሲበርድ እንመለሳለን።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምኞት ብቻ መፍቀዳችን ነው። የአንዱ ምኞት በሚፈጸምበት ሰዓት ሌሎቹ ሁሉ ይከተሉታል። እናታችን «እንስሳቱን አሳዩኝ» አለች። ስለዚህ ማለዳ ወደ አኒማል ኪንግደም ሄደን፣ ኪሊማንጃሮ ሳፋሪስ በሚባለው ጐኑ ክፍት በሆነ መኪና ሁላችንም በአንድ ረድፍ ተቀመጥን። ቀጭኔውንና ዝሆኑን ስናይ ልጆቹ ጮኹ። ወዲያው ግን አንኮሌ የሚባሉት ቀንዳቸው ረጅም የሆነ የአፍሪካ ከብቶች ብቅ ሲሉ፣ እናታችን ከመቀመጫዋ ብድግ ልትል ቃጣት። «እዩ! እዩ! አባቴ የሚወደው በሬ ቀንዱ እንዲህ ባይረዝምም አቋሙ ልክ እንደዚህ ነበር» ብላ፣ በልጅነቷ እንዴት ከብት ትጠብቅ እንደ ነበር መናገር ጀመረች። አሜሪካ የተወለዱት ልጆቻችን መኪናው ቆሞ ሰው ሁሉ ሲወርድ እንኳ «ከዚያስ፣ እማማ?» እያሉ እጇን ይዘው ይጠይቋት ነበር። እኛ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም ነበር።

ወንዱ ልጃችንም በዚህ ጊዜ ስምንት ዓመት ሆኖት፣ ከመለኪያው በላይ ቁመቱ አልፎ፣ ወደ ስፔስ ማውንቴን ከአባቱ ጋር ገባ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ «አንድ ጊዜ ይበቃል» አለና ሄዶ ከአያቱ አጠገብ ተቀመጠ። በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ስድስታችንም ተጨናንቀን ዳቦ ቆሎ በላን። ካየነው ሁሉ ልጆቹ እስከ ዛሬ ደጋግመው የሚያነሡት ያን ሰዓት ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ለዕረፍት ስትነሡ ቀኑን ቍጠሩ፤ ገንዘቡንም መጥኑ፤ ልጆቻችሁንም ለኩ። ነገር ግን ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ከቤታችሁ ውስጥ ድካሙን ደብቆ «እኔ እጠብቃችኋለሁ» የሚል ማን እንደ ሆነ ተመልከቱ፤ ዕቅዳችሁንም ከእርሱ ጀምሩ።